የዕድራችንን አፕ ለመረመረችልን እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በዕድራችን አባላት ስም፣ በጸሐፊነቴ ይህን ምስጋና በአደባባይ ላደርስ ወደድኩ። ምስጋናው የሚገባት በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጻፈ ኮድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ደህንነቱን የምትመረምር አንዲት እህታችን ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ የሚፈልጋት ካለ ግን አገናኛለሁ።

የሰፈራችን ልጆች ለዕድሩ አፕ ሠሩ። ወርሃዊ መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ የቤተሰብ ዝርዝሩ፣ የለቅሶ ጥሪው፣ የድንኳንና የወንበር ምዝገባው ሁሉ አለበት። አብዛኛውን ኮድ የጻፈላቸው ኤአይ እንደሆነም ከመጀመሪያው ነግረውናል። አፑ ያምራል፣ ፈጣንም ነው። የዕድሩ ዳኛችን ግን «የሰው ገንዘብና የሰው ቤተሰብ ነው የያዘው፤ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይከፈትም» አሉ። እሳቸውም ይመስገኑልን።

ባለሙያዋ ኮዱን ከመክፈቷ በፊት የጠየቀችን የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ነው። ገንዘብ ያዡ ምን ያያል? ምን መቀየር ይችላል? ተራ አባል የጎረቤቱን ውዝፍ ማየት አለበት ወይ? አባል ሲሞት መዝገቡ ወደ ማን ይዞራል? መልሳችንን በሰንጠረዥ አሰፈረችና ኮዱን ከዚያ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው። ሥራዋን ያከበርኩት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ኮድ የሚፈትሹ ሶፍትዌሮች አሉ፤ እሷም አስቀድማ ተጠቅማባቸዋለች። ግን አንድ አባል የሌላውን ቤተሰብ ጉዳይ ማየት እንደሌለበት ሶፍትዌሩ ከየት ያውቃል? ኤአዩም ቢሆን ማንም ያልነገረውን ደንብ ኮዱ ውስጥ አላስገባም።

ትልቁ ጉድለት የተገኘውም እዚያው ላይ ነው። አንድ አባል ገብቶ የራሱን ገጽ ሲከፍት ሊንኩ ላይ የአባልነት ቁጥሩ ይታያል። ቁጥሩን በሌላ ቁጥር ቢተካው የሌላ ሰው ገጽ ይከፈታል፤ የልጆች ስም፣ ስልክ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ሁሉ። አፑ «ገብተሃል ወይ?» ይላል እንጂ «ይህ ያንተ ነው ወይ?» አይልም ነበር። የድረ ገጽ ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ 1ኛ ያደረገው ይህን ዓይነቱን የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው። ገንዘብ ያዡ የሚጫናቸው በተኖችም ለተራ አባል ስክሪኑ ላይ አይታዩም እንጂ ሰርቨሩ (መዝገቡን የያዘው ኮምፒውተር) ከማንም የመጣን ትእዛዝ ይቀበል ነበር። መደበቅ ከመከልከል እንደሚለይ ለልጆቹ በተግባር አሳየቻቸው።

ክፍያው ላይም ያገኘችው ቀላል አይደለም። ስልኩ «ክፍያው ተሳክቷል» ብሎ ሲመለስ አፑ ያንን ብቻ አምኖ «ከፍሏል» ብሎ ይመዘግብ ነበር። መልእክቱ በከፋዩ ስልክ በኩል ስለሚያልፍ፣ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሳይከፍል ሊልከው ይችላል። አሁን የእኛ ሰርቨር የክፍያ አገልግሎቱን በቀጥታ ይጠይቃል፤ የግብይት ቁጥሩና የብሩ መጠን ካልገጠመ አይመዘግብም። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደጋግሞ የተጫነ ክፍያም አንዴ ብቻ ይያዛል።

አፑ ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር የሚገናኝበት ሚስጥራዊ ቁልፍ (እንደ ይለፍ ቃል ያለ) ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ከኮዱ አስወጣችው። ያም አልበቃትም። የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት የሚባል ሶፍትዌር የቀድሞውን ቅጂ ስለሚያስቀምጥ የተሰረዘ ቁልፍ ከታሪኩ ውስጥ ይገኛልና አሮጌው ተሰርዞ አዲስ ቁልፍ እንዲወጣ አደረገች። ባክአፑንም (የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ) መኖሩን ብቻ አይታ አላለፈችውም፤ በሙከራ ሰርቨር ላይ ዳታቤዙን (መዝገቡ የሚቀመጥበትን) አስጠፍታ ልጆቹ ራሳቸው እንዲመልሱት አደረገች።

ምርመራውን ሁሉ የሠራችው በፈጠራ ስሞች ነው። የአባላቱን ትክክለኛ መዝገብ ልንሰጣት ብንልም አልተቀበለችም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ለማን እንደምንሰጥ ማሰብ የሁላችንም ግዴታ ነውና ይህ ጥንቃቄዋ በጣም አስደስቶኛል።

ሪፖርቷን እኔም ኮድ የማላውቀው አንብቤ ገብቶኛል። እያንዳንዱ ጉድለት እንዴት እንደሚታይ፣ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ፣ በምን እንደሚስተካከል ጽፋለች፤ ልጆቹ ካስተካከሉ በኋላም ተመልሳ ፈትሻለች። አንድ አባላችን «ምንም ችግር የለበትም የሚል ወረቀት ስጪን» ቢላት አልሰጠችም። ያየችውን፣ ያላየችውንም ለይታ ጻፈች። እኔ በባለሙያ የምተማመነው እንዲህ ሲሆን ነው። ልጆቹንም «በኤአይ ሠራችሁ» ብላ አላሳቀቀቻቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ኮዱን አስነበበቻቸው። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ፤ ውለታሽን አንረሳም።

ዕቁብ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ሱቅ ኖሯችሁ በኤአይ አፕ ያሠራችሁ ካላችሁ ሳትከፍቱት በፊት ለእሷ አሳዩአት። ለነገ ይድረስልኝ ለሚል ግን አትሆንም፤ ጊዜ ወስዳ ነው የምትሠራው። የምታየውንና ዋጋዋን ከመጀመሯ በፊት በጽሑፍ ታሳውቃለች። ኮዱን ለማንበብ ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ስጧት፤ ስትጨርስ ዝጉት፤ እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። የይለፍ ቃል፣ ቁልፍ ወይም የአባላት ዝርዝር ግን ለእኔ አትላኩልኝ።