የባሕር ዳሯን ሲስተር አመስግኑልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሕሊናዬ አያስተኛኝም፤ ታሪኩም የእንቅልፍ ነው።

ፍኖተ ሰላም የስፖርት አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 47። ሦስት ዓመት ሙሉ ሜዳውን አንድ ዙር ሮጬ መጨረስ አቃተኝ። ሥራዬ ቆሞ ፊሽካ መንፋት ሆነ። ልጆቹ «ቲቸር፣ ያሳዩን እንጂ» ሲሉኝ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጨጓራ አለኝ። አንዱ ደም ማነስ ብሎ መርፌ አዘዘ። አንዱ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እርጅና ነው» አለ። ባለቤቴ «እያንኮራፋ ድንገት ዝም ይላል፣ የሞተ እየመሰለኝ እቀሰቅሰዋለሁ» ስትል ማን ይስማት!

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አስተኝተው መረመሩኝ። ለካ በሰዓት 34 ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል! ከ30 ካለፈ ከባድ ነው አሉኝ። ስተኛ ፊቴ ላይ በማጠልቀው ጭንብል አየር የሚነፋ ማሽን ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፣ እናቴ ትሰማለች። ሻጩ ካርቶኑን ገፋ አድርጎልኝ «ወረቀቱ ውስጥ አለ» አለ፣ በቃ። ጭንብሉ ሌሊቱን ሲያፏጭብኝ አደረ። ሁለት ወር ቁምሳጥን ላይ ከረመ።

ከዚያ ነው ይህችን ሲስተር ያገኘኋት። ጭንብሉን ተቀምጬ ልታጠልቅልኝ አልፈለገችም። «ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁና ቤትዎ እንደሚተኙት ይተኙ» አለች። በጎኔ ስዞር እስስስ! ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ማሰሪያውን ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አደረገችው። አሁንም እስስስ። ጭንብሉን ቀየረችው። ሦስተኛው ላይ ጸጥ! ውጭ ወረፋ እያለ አርባ ደቂቃ ከእኔ ጋር። ስለ ማሽኑ አየር ግፊት ያስረዳችኝን አልያዝኩትም፣ ያቺን ጸጥታ ግን አልረሳትም።

ስወጣ «ማሽኑ ያስተኛዎታል እንጂ አያሮጥዎትም፤ በእግር ጉዞ ቀስ ብለው ይጀምሩ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደውላ ጠየቀችኝ። እስቲ አሁን ማን ይደውላል?

አራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ቀን ቀን የሚጥለኝ እንቅልፍ ለቀቀኝ። ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ። ትናንት ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር 5 ዙር ሮጥኩ። ቀድመውኛል፤ ይቅደሙኝ!

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የሚያንኮራፋ፣ ቀን የሚያንቀላፋ፣ ዳገት የከበደው ሰው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። በተለይ ማሽን ገዝታችሁ ቁምሳጥን ላይ ያስቀመጣችሁ፣ ዛሬውኑ አውርዱትና ይዛችሁ ሂዱ። ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም «እኔም መተኛት ጀምሬያለሁ በላት» ብላለች።