የእሁድ ገበያና የሸማቾች ሱቅ ለባለዕዳ ቤት፦ የሰባት ወር ሒሳብ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የታናሽ ወንድሜን ሠርግ ከደገስን በኋላ ቤታችን ላይ ሁለት ዕዳ ቀረ። አንዱ ለአጎቴ ልጅ የምመልሰው 20,000 ብር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰፈራችን ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ 6,800 ብር የደረሰው ነው። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ስለሆንን ገቢ የሚጨምርበት መንገድ አልታየንም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም የሚነካ አልነበረም፤ ስለዚህ የቀረን አስቤዛው ብቻ ሆነ። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ አስቤዛችንን ከሞላ ጎደል የገዛነው በሰፈራችን ከሚቆመው የእሁድ ገበያና ከእሱ ብዙም ከማይርቀው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ነው። ሁለቱን እዚህ የምመዝናቸው ዕዳ ላለበት ቤት በእርግጥ ያዋጣሉ ወይስ አያዋጡም በሚለው ብቻ ነው።

የእሁድ ገበያ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ሲሆን አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን መንገድ ለመኪና ይዘጋና የገበሬ ዩኒየኖች፣ የሸማቾች ማኅበራት፣ ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች ምርታቸውን ደላላ ሳይበዛበት፣ በተለጠፈ ዋጋ፣ ለነዋሪው በቀጥታ ይሸጣሉ። የእኛ ሰፈሩ ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ ይሞቃል፤ እስከ ማታ ይቆያል ይባል እንጂ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የሚገኘው የጠወለገ ጎመንና የተጨፈለቀ ቲማቲም ነው። ከቅዳሴ መልስ እገዛለሁ ያለ ሰው እንደ እናቴ ባዶ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል።

ስለ ሒሳቡ አስቀድሜ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በእኛ አገር አንዱን ወር ከሌላው ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር ያሳስታል። መስከረም ዕንቁጣጣሽና መስቀል አለበት፤ መጋቢት በ2017 ሙሉ በሙሉ ጾም ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፋሲካ መጣ። በመጋቢት የተረፈውን ገንዘብ «ቆጠብኩ» ብሎ መጻፍ የጾሙን ሥራ ለራስ እንደመውሰድ ይቆጠራል። ስለዚህ ያወዳደርኩት ለውጡን ከመጀመራችን በፊት የነበረውን ጥቅምትን ከግንቦት ጋር ነው። በጥቅምት ጽጌን የምትጾመው እናቴ ብቻ ስትሆን ሌሎቻችን ከረቡዕና ከዓርብ በቀር አልጾምንም። ግንቦት ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 12 በመዋሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለወደቀ፣ ረቡዕና ዓርብም ሳይቀሩ ወጥና እንቁላል የተበላበት ወር ነበር። እንዲህም ሆኖ ለአምስት ሰው የጥቅምት አስቤዛ 18,400 ብር ሲፈጅ የግንቦቱ በ14,150 ብር አለቀ። ሽንኩርት በመስኖ የሚደርሰው በበጋ በመሆኑ ዋጋው ከጥቅምት ይልቅ ወደ በልጉ ወራት እንደሚረክስ አውቃለሁ፤ ከልዩነቱ ጥቂቱ የዚያ ነው።

በእሁድ ገበያ ያለ ጥርጥር የሚያዋጡት ሽንኩርት፣ ድንችና እንቁላል ናቸው። በመጋቢት ሰፈር ሱቅ ውስጥ ኪሎው 70 ብር የነበረውን ቀይ ሽንኩርት እዚያ በ45 ብር ገዝቻለሁ፤ እንቁላልም በአንዱ 4 ብር ይቀንስ ነበር። ዋጋው ደስ ቢያሰኝም ሚዛኑ ላይ ግን ዓይን ያስፈልጋል። በታኅሣሥ አንድ እሁድ 5 ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ፣ ባለቤቴ ለጋገራ የምትጠቀምበት ትንሽ ሚዛን ላይ ከፋፍለን ስንመዝነው 4 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑን ይዤ ሄጄ ለዚያው ሻጭ ነገርኩት። ልጁ ሳይደነግጥ «ጋሼ፣ ሚዛኑን ንፋስ መትቶት ነው» አለኝና አራት ትልልቅ ሽንኩርት ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያየኝ ራሱ ያተርፍልኛል። በመግቢያው አካባቢ የወረዳው ሠራተኞች የሚያስቀምጡት የማረጋገጫ ሚዛን ነበር፤ አንዳንድ እሁድ ይገኛል፣ አንዳንድ እሁድ ጠረጴዛው ብቻ ይቀራል። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ከላይ የሚታየው ሽንኩርት ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ከሥር ያለው የበቀለ ወይም እርጥበት ያለው ሊሆን ስለሚችል፣ «መርጬ ልውሰድ» ማለት የሚያሳፍር አይደለም፤ መምረጥ የማይፈቅድ መደብ ካጋጠመ ቀጣዩ መደብ ሦስት እርምጃ እንኳ አይርቅም።

ጤፍን በተመለከተ ግን የእሁድ ገበያውን አላመሰግንም። ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱንም ጊዜ እናቴ እፍኝ ዘግና እፍ ስትልበት እብቁ ገበታው ላይ ተበተነ፤ ተበጥሮና ተነፍቶ ሲያበቃ ከ50 ኪሎው ላይ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ እብቅና አፈር ወጣበት። በዋጋ ከእህል በረንዳ ያነሰ ይመስላል እንጂ ይህ ሲቀነስበት እኩል ነው። የተሻለው የሸማቾች ሱቅ ነበር። እዚያ የሚመጣው ጤፍ ሁልጊዜ ማኛ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሰርገኛ ነው፤ ሆኖም ንጹሕ ነው፣ ሚዛኑም አያጠራጥርም። በማኛ ፈንታ ሰርገኛ መጋገራችን ብቻ በወር ከ600 ብር በላይ አትርፎልናል፤ ከእንግዳ በቀር ልዩነቱን ያነሳብን ሰው የለም። ከዚህ አልፈን ሩብ ያህል ሩዝ ቀላቅለን ለመጋገርም ሞክረን ነበር፤ እንጀራው ከምጣድ ሲወጣ ያማረ ቢሆንም ሲያድር ስለሚደርቅ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ሳይነካ ይመለስ ጀመር፤ ሳይበላ የሚመለስ ምሳ ቁጠባ አይሆንም ብለን ተውነው። ማሽላ በትንሹ መቀላቀል የተሻለ ነው፤ እሱን እስካሁን እናደርገዋለን።

የሸማቾች ሱቁ ሁለት ጉድለት አለው። የመጀመሪያው ዕቃ ያልቃል፤ ስኳርና የፓልም ዘይት በገባ ቀን ወረፋው ከሱቁ በር እስከ ዋናው አስፋልት ይደርሳል፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። እኛ ቤት ይህንን የቻለችው እናቴ ስለሆነች፣ ሽማግሌ የሌለበት ቤት ከእኛ ያነሰ ጥቅም ቢያገኝ አይገርመኝም። ሁለተኛው፣ ዕቃው መግባቱን የሚያሳውቅ ሥርዓት የላቸውም፤ የሚታወቀው ጎረቤት ለጎረቤት በሚደውለው ስልክ ነው። የአባልነት ዕጣ መግዛቱን ግን እመክራለሁ፤ ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ማኅበሩ ባተረፈ ዓመትም ለአባላት የትርፍ ድርሻ ይከፋፈላል።

ዘይትን ለይቼ ላነሳ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የዕዳችን ሥር የተገለጠልኝ በዘይት ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዘይት ዋጋ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቷል፤ እኛም «ይቀንስ ይሆናል» እያልን በባለ 5 ሊትር መግዛቱን ትተን ከሰፈር ሱቅ በግማሽ ሊትር እናስቀዳ ነበር። አንድ ቀን ምሽት ባለቤቴ የዱቤውን ደብተር ገጽ በስልኳ ፎቶ አንሥታ መጣችና አብረን ቆጠርነው፤ በጥቅምት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ቀድተናል፣ እያንዳንዱም 160 ብር ነው። ይህ ለ5 ሊትር ከግማሽ 1,760 ብር መሆኑ ነው። በዚያው ወር የሸማቾች ሱቅ ባለ 5 ሊትሩን በ1,350 ብር ይሸጥ ነበር። በስኳር፣ በፓስታ፣ በሳሙና ያየነውም ከዚህ አይለይም። ባለሱቁ አጭበርብሮን አይደለም፤ በጥቂት ጥቂት መሸጥና ለወር ማበደር ዋጋ አለው፣ እኛ ግን ያን ዋጋ ስንከፍል ዘይት የገዛን መስሎን ነበር። እንደ እኔ ግምት ከጠቅላላው ቁጠባችን እኩሌታው የመጣው ከእሁድ ገበያው ርካሽነት ሳይሆን ደብተሩ በመዘጋቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው የእሁድ ገበያውን እየተመላለሰ ዱቤውንም ከቀጠለ ብዙ ለውጥ አያይም።

ችግሩ ግን ከዱቤ ወደ እጅ በእጅ መሸጋገሪያው ወር ነው፤ ያለፈውን እየከፈሉ ለሚመጣው በጥሬ ገንዘብ መግዛት ማለት በአንድ ደመወዝ የሁለት ወር አስቤዛ መሸከም ነው። እኛ ይህን የተወጣነው ዕዳውን በአንዴ ሳንዘጋ፣ ባለሱቁን «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ አትጻፍ፤ የድሮውን በየደመወዙ እከፍልሃለሁ» ብለን ተስማምተን ነው። ሰውየው መጀመሪያ የተቀየምን መስሎት «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጠይቆኛል። አሁንም ዳቦ፣ ክብሪትና ጨው የምንገዛው ከእሱ ነው።

የራሳችንን ስሕተትም ልጻፍ። በመጀመሪያው ወር ርካሽ ያየነውን ሁሉ ስናግበሰብስ 6 ኪሎ ቲማቲም ገዝተን እኩሌታው ሻገተብን፤ ድንቹም በፌስታል ውስጥ ስላስቀመጥነው በቀለ። በኅዳር የተረፈን 1,100 ብር ብቻ የሆነው በዚህና በባጃጅ ምክንያት ነው። የገበያው ርቀት ባዶ እጅ ለሚሄድ አጭር ቢሆንም ጤፍና ድንች ለተሸከመ ሰው ባጃጅ ያስፈልገዋል፤ ደርሶ መልስ በየሳምንቱ 120 ብር ከከፈሉ ደግሞ ከሽንኩርቱ የተገኘው ትርፍ እዚያው ያልቃል። ከታኅሣሥ ወዲህ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር በየተራ እየሄድን የሦስታችንንም ዕቃ በአንድ ባጃጅ እናመጣለን፤ ቲማቲም ከ2 ኪሎ በላይ አንገዛም፤ ወደ ገበያ ከመውጣታችንም በፊት ባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ጓዳውን አይታ የሚገዛውን በወረቀት ትጽፋለች። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ይዞ የመጣ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ይሸከማል የሚል የቤት ሕግ ወጥቷል፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ የተቀጣሁት እኔ ነኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ በአናናስ።

በሰባቱ ወራት ከአስቤዛው የተረፈው ሲደመር 21,650 ብር ሆኗል። ትልቁ የመጋቢት 5,600 ብር ነው፣ ምክንያቱንም ከላይ ብያለሁ፤ ትንሹ የኅዳር ነው፤ በሚያዝያ ለፋሲካ በግ ከመግዛት ይልቅ ከሰፈር ሰዎች ጋር ቅርጫ ገብተን እንኳ ከ2,300 ብር በላይ ማትረፍ አልቻልንም። የሱቁ 6,800 ብር በየካቲት ተዘግቷል። ለአጎቴ ልጅ 12,000 ብር ተመልሶለታል፣ 8,000 ብር ይቀረዋል። ቀሪዋን 2,850 ብር ዕዳው ሳያልቅ በባንክ ማስቀመጣችን ለአንዳንዱ ሰው የተገለበጠ ነገር ይመስለው ይሆናል፤ ሆኖም እጃችን ላይ ምንም ሳይኖር ልጅ ቢታመም ወይም የምዝገባ ክፍያ ቢመጣ የምንሄደው እንደገና ወደ ደብተሩ መሆኑን ስለምናውቅ፣ የአጎቴንም ልጅ አማክረን ያደረግነው ነው።

ሰኔ ከገባ ወዲህ ያየሁት የገበያው ድክመት ዝናብ ነው። ከብዙዎቹ መደቦች በላይ ሸራ የለም፤ ባለፈው እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዶፍ ሲወርድ ሽንኩርት ሻጩ ልጅ ጆንያዎቹን በፌስታል ሸፍኖ እኔንም ከጃንጥላው ሥር አስጠጋኝ፤ ቲማቲሙ በጭቃ ተለወሰ፣ የዱቄት ፋብሪካው መኪና በሩን ዘግቶ ሄደ። ድንችና ሠላሳ እንቁላል ይዤ ተመለስኩ፤ የቀረውን ሐሙስ ዕለት እናቴ ከሸማቾች ሱቅ አሟላችው።