«ዘ ፔት ሳውንድስ ሴሽንስ»፦ አጃቢዎቹን ከቴፑ ያወጣ ስብስብ

በ1997 የወጣው ይህ ባለ 4 ሲዲ ስብስብ የአሜሪካውን የዘፈን ቡድን የቢች ቦይስን የ1966 አልበም «ፔት ሳውንድስ»ን ፈታትቶ ያቀርባል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ሲዲ በአልበሙ የስቴሪዮ ሚክስ (ድምፁ ግራና ቀኝ በተከፈለ ቅልቅል) ይጀምርና ወደ ቀረጻው ቅንጫቢዎች፣ ከዚያም ድምፃዊ ወደሌለበት ሙዚቃ፣ እኛ አገር «ክላሲካል» ወደምንለው፣ ይሻገራል። ሁለተኛው በዚሁ ይቀጥላል። ሦስተኛው በተቃራኒው መሣሪያውን አንሥቶ የዘፋኞቹን ድምፅ ብቻ፣ ከተለያዩ ሙከራዎች ጋር ያሰማል። አራተኛው መጀመሪያ የወጣው ሞኖ፣ ማለትም ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚወጣበት ቅጂ፣ ነው። የስብስቡ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው በስቴሪዮው ቢሆንም ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ያለ ድምፃዊ የቀረበው ሙዚቃ ነው።

የቡድኑ አቀናባሪ ብራያን ዊልሰን የአልበሙን አብዛኛውን ቅንብር ያስቀረጸው በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በሚሠሩ ቅጥር ሙዚቀኞች ነው። ዛሬ «ሬኪንግ ክሩ» በሚባል የጋራ ስም ይታወቃሉ። ድራም ላይ ሃል ብሌን፣ ቤዝ ጊታር ላይ ካሮል ኬይና ሬይ ፖልማን፣ ትልቁ የእንጨት ቤዝ ላይ ላይል ሪትዝ፣ ኪቦርድ ላይ ዶን ራንዲ፣ አል ዴ ሎሪና ላሪ ኔክተል፣ ጊታር ላይ ባርኒ ኬሰልና ግሌን ካምቤል፣ ሳክስፎን ላይ ስቲቭ ዳግላስ። በ1966ቱ ሸክላ ሽፋን ላይ የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። ይህ በጊዜው የተለመደ አሠራር ነበር፤ ቢሆንም የአልበሙን ግማሽ አካል የሠሩ ሰዎች ናቸውና ቅር ያሰኛል። ስብስቡ ቢያንስ በመጽሐፉ ያንን ይክሳል፦ ዴቪድ ሊፍ ያዘጋጀው ጽሑፍ የሙዚቀኞቹን ቃለ ምልልስ ይዟል።

እነዚህ ሰዎች ለ30 ዓመት ያህል ጥርት ብለው ያልተሰሙት በቴፑ ምክንያት ነው። ሙዚቃው መጀመሪያ ሁሉም አብረው እየተጫወቱ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ትራክ ቴፕ (ትራክ ማለት ለብቻው የሚቀረጽ የቴፕ መስመር ነው) ላይ ይቀረጻል። ለዘፋኞቹ ቦታ እንዲገኝ ያ ሁሉ ወደ አንድ ትራክ ተጨፍልቆ ሌላ ቴፕ ላይ ይገለበጣል፤ ድምፃውያኑ በቀሩት ትራኮች ላይ ይዘፍናሉ። በመጨረሻ ሁሉም ተደባልቆ ሞኖ ይሆናል። የአናሎግ ቴፕ በተገለበጠ ቁጥር የቴፑ የሽሽታ ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ በመጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ ቃጭሉ፣ ሻኩራውና ክር ሲመታ የሚሰማው ስል ድምፅ ናቸው። ዊልሰን ቀኝ ጆሮው ከሞላ ጎደል አይሰማም ነበር፤ ሞኖውን የመረጠውም ሚዛኑ ሙሉ በሙሉ በእጁ እንዲሆን ነው። በወቅቱ የሸክላ አሳታሚው ካፒቶል የሸጠው «ዱዎፎኒክ» የሚባል ቅጂም አለ፤ ያ ሞኖውን በማጣሪያ ለሁለት የከፈለ የማስመሰል ስቴሪዮ ስለሆነ አሮጌ ሸክላ ስትገዙ ሽፋኑን አይታችሁ እለፉት።

የድምፅ ባለሙያው ማርክ ሊኔት ያደረገው ይህን ነው። የመጀመሪያውን የሙዚቃ ቴፕ (ገና ያልተጨፈለቀውን) እና የድምፃውያኑን ቴፕ ለየብቻ ወደ ዲጂታል አስገባ። በድምፃውያኑ ቴፕ ላይ ያለችውን የተጨፈለቀች ሙዚቃ እንደ መሪ ተጠቅሞ ዋናውን ሙዚቃ ከሥሯ አሰለፈ፤ መሪዋንም ዘጋት። ሲነገር ይቀላል። ሁለት የቴፕ ማጫወቻዎች ፈጽሞ በእኩል ፍጥነት አይሄዱም፤ መጀመሪያ ላይ የተገጣጠመ ዘፈን መሐል ላይ ሲደርስ ይዛነፋል። ጥቂት ሚሊሰከንድ እንኳ ከተዛነፈ ዘፋኙ ከድራሙ የቀደመ ወይም የዘገየ ይመስላል። ስለዚህ በየክፍሉ እየቆራረጡ ማስተካከል ግድ ነው። ውጤቱ ላይ እንዲህ ያለ መንገዳገድ አይሰማም፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት ይገባዋል።

አሁን ወደ ማዳመጡ። ከ«ስሉፕ ጆን ቢ» ድምፃዊ የሌለበት ቅጂ ጀምሩ። ቤዙ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ ካሮል ኬይ ኤሌክትሪኩን በፒክ (በክር መምቻ) ትመታለች፣ ላይል ሪትዝ የእንጨቱን ቤዝ በጣቱ ይጫወታል። የድምፁ ምት ከእሷ፣ ሆዱና ክብደቱ ከእሱ ይመጣል። በሞኖው ላይ አንድ እንግዳ መሣሪያ ይመስሉ የነበሩት ይኸው ሁለቱ ናቸው። የዊልሰን የቅንብር ምሥጢር አብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት የታወቁ መሣሪያዎችን አንድ ዜማ አስይዞ ስም የሌለው ሦስተኛ ቀለም ያወጣል። «ውድንት ኢት ቢ ናይስ» ላይም ቅንብሩን የሚሞላው የፍራንክ ማሮኮና የካርል ፎርቲና አኮርዲዮን ነው፤ ዘፋኞቹ ሲነሡ የአኮርዲዮኑ መንፈሻ እየተንቀጠቀጠ ሲተነፍስ ይሰማል።

«ጋድ ኦንሊ ኖውስ» ላይ ጊዜ ስጡ። የአለን ሮቢንሰን የፈረንሳይ ቀንድ (የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) ከሩቅ ይገባል፤ ከበሮ የሚመስለው ኮቴ መሰል ምት ጂም ጎርደን የብርቱካን ጭማቂ የፕላስቲክ ኩባያዎችን እየመታ ያወጣው ነው። መሐል ላይ ያለው ቁርጥ ቁርጥ ያለ ክፍል የዶን ራንዲ ሐሳብ እንደነበር ይታወቃል፤ ቀረጻው ላይ መጀመሪያ ተጎትቶ ሲጫወት ክፍሉ እንዴት ይከብድ እንደነበር ይሰማል፣ ሲቆራረጥ ወዲያው ቀለል ይላል። አንድ ቅጥር ሙዚቀኛ ቅንብሩን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። «አይ ኖ ዜርዝ አን አንሰር» ላይ የቶሚ ሞርጋን የቤዝ ሃርሞኒካና የግሌን ካምቤል ባንጆ አሉ። «ካሮላይን ኖ» የሚከፈተው ሃል ብሌን ባዶ የውኃ ጀሪካን ሲመታ ነው። ይህ ዘፈን ሲታተም በግማሽ ቶን፣ ማለትም በ6 በመቶ ገደማ፣ ተፋጥኗል፤ ስብስቡ በተቀዳበት ፍጥነት የሚሄደውንም ይዟል። እሱን ስትሰሙ ብሌን የመታው ምት ይበልጥ እንደሚዘገይና እንደሚወፍር ልብ በሉ።

ጉድለቶቹስ? ትልቁ «ውድንት ኢት ቢ ናይስ» ላይ ነው። በሞኖው መሐለኛውን ክፍል የሚዘፍነው የቡድኑ ድምፃዊ ማይክ ላቭ ሲሆን በዚህ የስቴሪዮ ሚክስ ግን ዊልሰን ራሱ ይዘፍነዋል፤ የላቭ ድምፅ ሚክሱ በተሠራባቸው ባለ ብዙ ትራክ ቴፖች ላይ አልነበረምና። ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይደነግጣል። ሌላው ገደብ ሪሚክሱ መለየት የሚችለው ትራክን እንጂ መሣሪያን አለመሆኑ ነው። ጊታርና ፒያኖ አንድ ትራክ ላይ አብረው ከተቀረጹ አንዱን ከፍ ስታደርጉ ሌላውም ይከተላል። ዛሬ ኮምፒውተር የተደባለቀውን ይለያል፤ የቢትልስ «ሪቮልቨር» በ2022 በዚህ መንገድ እንደገና ተሚክሷል፤ በ1997 ግን ያ አልነበረም። ከዚህ በላይ ደግሞ ስቴሪዮው ራሱ ዋጋ ያስከፍላል፦ ዊልሰን ያዋሃዳቸው መሣሪያዎች ግራና ቀኝ ሲለያዩ ያ ስም የሌለው ቀለም ይሳሳል። ስቴሪዮው እንደ ማጉያ መነፅር ነው፤ ሥራው ራሱ ሞኖው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦ በመጀመሪያ ሞኖውን፣ ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን ያለ ድምፃዊ፣ ከዚያ የቀረጻውን ቅንጫቢ፣ በመጨረሻ ስቴሪዮውን። በስልክ ስፒከር አትስሙት። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ስልክ ያንን አያወጣም፣ የሪትዝም ድርሻ አብዛኛው ይጠፋል። ጆሮን የሚከድን ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ስልካችሁ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚል ምርጫ ካለው ስቴሪዮውን እየሰማችሁ አብሩት፤ ሁለቱ ጎኖች ቢደመሩም የዊልሰን ሞኖ እንደማይሆኑ ትረዳላችሁ፤ ሚዛኑ ሌላ ነው።

የ1997ቱን ሳጥን ያገለገለ ካገኛችሁ መጽሐፉ አብሮ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ፤ ያለ እሱ የሙዚቀኞቹ ነገር ግማሹ ጎድሎ ይቀራል። በ2016 ለ50ኛ ዓመቱ የወጣው ስብስብ 4 ሲዲና 1 ብሉሬይ አለው፤ የዙሪያ ድምፅ ማጫወቻ ላለው ሰው የሚሻለው እሱ ነው። በ2023 ጃይልስ ማርቲን የሠራው የአትሞስ (የዙሪያ ድምፅ ዓይነት) ሚክስም በኢንተርኔት ማዳመጫዎች ላይ አለ። ሃል ብሌንን፣ ኬይንና ሪትዝን በቅርብ መስማት ለሚፈልግ ግን የመጀመሪያው ምርጫ የ1997ቱ ሁለተኛ ሲዲ ነው።