ለመቺ ትከሻ ከስታዲየም ሱቆች ምን ይገዛ?

ስታዲየም ዙሪያ ባሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች «ለትከሻ» ተብሎ የሚቀርበው ዕቃ ከሞላ ጎደል አራት ዓይነት ነው፦ ጠንካራ ኳስ፣ የመለጠጫ ላስቲክ፣ ፎም ሮለርና የማሳጅ ማሽን። መረብ ኳስና እጅ ኳስ የሚጫወት፣ ቴኒስ የሚመታ፣ ጦር የሚወረውር፣ የሚዋኝም ሰው (እዚህ ሁሉንም «መቺ» እንላቸዋለን) ክንዱን ከራሱ በላይ እያነሳ ስለሚሠራ የትከሻው ሕመም ለብቻው የሚታይ ነው። አራቱንም ዕቃዎች የመዘንነው ከትከሻ ጀርባ ያለውን ግትርነት ይፈታሉ ወይ፣ ትከሻውን ከፊት ሳያላሉትስ ይተዋሉ ወይ በሚል ነው። በዚህ ሚዛን ርካሹ ኳስ አንደኛ ወጥቷል፤ ውዱ ማሽን መጨረሻ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኳስ ሲመታ ክንዱን ወደ ፊት የሚወነጭፉት ትልልቆቹ የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ያንን ፍጥነት ይዘው የሚያቆሙት ደግሞ ከትከሻ ጀርባ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። ፍሬን ሆነው ሲሠሩ ከርመው ይገትራሉ፤ የመገጣጠሚያው ሽፋንም ከኋላ በኩል ይጠብቃል። ያኔ ክንዱ ወደ ውጭ የሚዞርበት ልክ ሰፍቶ ወደ ውስጥ የሚዞርበት ይጠባል፣ ሲመቱም ትከሻው ከፊት ወይም ከውስጥ መቆርጠም ይጀምራል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ። በጀርባችሁ ተኙ፤ ክንዳችሁን ከትከሻ ትክክል ወደ ጎን ዘርጉ፤ ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ጣሪያ አቁሙ። ጓደኛችሁ የትከሻችሁን ፊት በመዳፉ ለስለስ አድርጎ ይያዝ፤ ካልተያዘ ትከሻው ከወለሉ ይነሳና ልኩን ያሳስታል። እጃችሁን ወደ እግራችሁ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ውስጥ፣ ዝቅ ስታደርጉ የሚቆምበትን ቦታ በስልካችሁ የማዕዘን መለኪያ ያዙት፣ ከዚያ ወደ ጭንቅላት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ውጭም፣ እንዲሁ፤ ሁለቱንም ክንድ። የሚመታው ክንድ ወደ ውስጥ የሚዞርበት ልክ ከሌላው ክንድ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ካነሰ፣ የሁለቱ አቅጣጫ ድምርም ከሌላው ክንድ ከ5 ዲግሪ በላይ ከጎደለ፣ ማፍታታት ያስፈልገዋል። ድምሩ እኩል ከሆነ ግን ተዉት። ከልጅነቱ ጀምሮ የወረወረ ሰው የክንዱ አጥንት ራሱ ትንሽ ዞሮ ያድጋልና እሱን በመሳሳብ መመለስ አይቻልም፤ መሞከሩ ጉዳት ብቻ ነው።

ወደ ኳሱ እንምጣ። ለጀማሪ ተራ የቴኒስ ኳስ ይበቃል። እሱ ሲለምድ ውስጡ ድፍን ጎማ የሆነውን ውሰዱ፤ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፣ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። እሾህ እሾህ ያለውን አንመክርም፤ ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ቆዳውን ብቻ ይወጋል። ኳሱን ረጅም ካልሲ ውስጥ ክተቱና የካልሲውን አፍ በትከሻችሁ ላይ አሳልፋችሁ በሌላው እጅ ያዙ፤ ያለዚያ በየደቂቃው ወለል ላይ እየወደቀ ያማርራችኋል። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ትንሽ ወደሚታመመው ጎን ዙሩ። ኳሱ የሚያርፈው ከብብት ጀርባ፣ በጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ውጨኛ ጠርዝ ላይ ባለው ሥጋ ነው፤ አጥንቱ ላይ አይደለም፣ ብብት ውስጥም አይደለም። የሚያመውን ነጥብ ስታገኙ እዚያው ቁሙ። በአፍንጫ ሳቡ፣ በአፍ 6 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። ሕመሙ በዚህ ጊዜ ውስጥ መላላት አለበት። እስትንፋሳችሁን ከያዛችሁ ወይም ፊታችሁ ከተኮማተረ በጣም ተጭናችኋል፤ እግራችሁን ወደ ግድግዳው አስጠጉና ክብደቱን ቀንሱ። ጣት ድረስ የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መንዘር ካለ ኳሱ ነርቭ ላይ ነው፣ ወዲያው አንሱት። የክለብ ወጌሻ በአውራ ጣቱ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ይህ ኳስ ይሠራል፤ ወጌሻ በሌለበት የሠፈር ቡድን ደግሞ ዋጋው የበለጠ ነው።

ኳሱ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። የላላውን ጡንቻ ወዲያው መሳብ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ደግሞ ምንም ዕቃ አይገዛም። የምትመቱበትን ክንድ በደረታችሁ ላይ ወደ ሌላው ትከሻ አሻግሩ፤ በሌላው እጅ ከክርን በላይ ይዛችሁ ሳቡ። ዋናው ነገር ጠፍጣፋው አጥንት አብሮ እንዳይሄድ ነው፤ ጎኑን ግድግዳ ላይ አስደግፉት ወይም ተኝታችሁ በራሳችሁ ክብደት ያዙት። ካልተያዘ የሚሳበው በሁለቱ ትከሻ መሃል ያለው ጀርባ ይሆንና «ምንም አልጠቀመኝም» ይባላል። ለ30 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለአራት ሳምንት፤ ከዚያ እንደገና ለኩ። በቀላሉ የማይፈታ ከሆነ ደግሞ ክንዱን በያዘው እጅ ላይ ለ6 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ በሙሉ ጉልበት አይደለም፣ ከአምስት አንድ ያህል ብቻ። ከዚያ ልቀቁ፣ አየር አውጡ፣ አዲስ የተገኘውን ቦታ ለ20 ሰከንድ ያዙ፤ ሦስት ጊዜ።

በጎን ተኝቶ የእጅ አንጓን ወደ ወለል የሚጫኑት የመሳሳብ ዓይነት በየጂሙ ይሠራል። እኛ ሁለተኛ ምርጫ እናደርገዋለን፤ ትከሻው ከፊት ከቆረጠመ ወዲያው ይቆማል። ማስተካከያው ሰውነትን ትንሽ ወደ ኋላ ማንከባለልና በሁለት ጣት ኃይል ብቻ መጫን ነው።

ላስቲክ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። በቦርሳ የሚሸጡት አጫጭር ክብ ላስቲኮች ለዳሌና ለጭን የተሠሩ ናቸው፤ ለትከሻ አይመጥኑም። እጀታ፣ የብረት ማያያዣና የበር ማሰሪያ ያለው ባለ አምስት ቱቦው ስብስብ ያምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀላሉ ቱቦ 10 ፓውንድ ይላል፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል ገደማ። ለእነዚያ ትንንሽ ጡንቻዎች ይህ ራሱ ብዙ ነው፤ የቀሩት አራቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚፈለገው እጀታ የሌለው፣ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ከሜትር ተኩል የማያንስ ላስቲክ ነው። ቴራባንድ በተባለው የላስቲክ ምርት ልክ ላስቲኩ እጥፍ ሲለጠጥ ቢጫው 1.4 ኪሎ፣ ቀዩ 1.7፣ አረንጓዴው 2.1 ገደማ ይስባል። ሌሎች አምራቾች ቀለሙን በሌላ ልክ ስለሚጠቀሙ «ቀይ ስጠኝ» ማለት አይበቃም፤ ሱቁ ውስጥ ለጥጣችሁ ሞክሩት።

አጠቃቀሙ ይህ ነው። ላስቲኩን በክርን ቁመት እሰሩ፤ የተጠቀለለ ፎጣ በክርንና በጎድን መሃል አድርጉ፤ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ እጁን ወደ ውጭ አዙሩ፣ ስትመልሱ ሦስት ቁጠሩ። 15 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል፤ ትከሻው ወደ ጆሮ ከወጣ ላስቲኩ ከብዷል። የበር ማሰሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ በሩ ከእናንተ ወደዚያ የሚከፈት መሆን አለበት፣ ስትስቡ እንዲዘጋ። የብረት በር ጠርዝ ማሰሪያውን ይበላዋል፣ የእንጨት በር ይሻላል። ስትገዙ ላስቲኩን ወደ ብርሃን ለጥጣችሁ እዩት፤ ነጣ ያሉ ስንጥቆች ካሉ፣ በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ላይ ተሰቅሎ የከረመ ከሆነ፣ አትውሰዱ። የሚበጠሰው ሲለጠጥ ነው፤ ፊት ላይ ይመጣል።

ፎም ሮለር ላይ አጭር እንሁን። 33 ሴንቲ ሜትሩ ለእግር እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለደረት መክፈቻ ጀርባንና ጭንቅላትን አብሮ የሚሸከም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። በርዝመቱ ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ጋቢ ያንኑ ይሠራል። አከርካሪያችሁን በእሱ ላይ አድርጋችሁ ተኙ፤ ክንዶቻችሁን ከጎናችሁ 45 ዲግሪ ያህል ከፍታችሁ መዳፍ ወደ ላይ፣ ሆድ እየተነፋ ለሦስት ደቂቃ ተንፍሱ። ክንዱን በር መቃን ላይ ከፍ አድርጎ ደረትን ወደ ፊት መግፋት ግን ለመቺ አይመከርም። የሱ ትከሻ ከፊት ድሮውንም ላልቷል፤ የበለጠ ማላላት ሕመሙን ያባብሳል።

ይህን ሁሉ መቼ? ረጅሙ መሳሳብ ከልምምድ በኋላ ወይም ማታ ነው። ከጨዋታ በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ መሳብ ኃይሉን ትንሽ ይቀንሳል፤ ያኔ ማሟሟቅና ቀላሉ ላስቲክ ይበቃሉ። ከስታዲየም ብዙም የማይርቀው ፍል ውሃ ለሚሄድ ሰው ከሙቅ ውሃው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ለማሳሳብ ምቹ ነው። ትከሻው በዚያው ቀን ተጎድቶ ካበጠ ግን ሙቀት አይቅረበው።

የማሳጅ ማሽኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያፍታታል፤ ለጊዜው ነው፣ ልኩ ተመልሶ ይጠባል። ልትገዙት ከቆረጣችሁ ሱቁ ውስጥ አስነስታችሁ ጭናችሁ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት። ድምፁ ከወረደ ወይም ከቆመ ሞተሩ ደካማ ነው። ርካሾቹ ቆዳ ላይ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይመቱም። ለስላሳውን ክብ ጫፍ ተጠቀሙ፣ በአንድ ቦታ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፣ ከአንገት ፊትና ከአጥንት አርቁት። በዚያ ገንዘብ ለሙሉ ቡድን የሚበቃ ኳስና ላስቲክ ይገዛል፤ ለክለብ የሚገዛ ኃላፊ ይህን ያስብበት።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ክንድ ለማንሳት አቅም ማጣት፣ ትከሻ ወልቆ የተመለሰ መምሰል ወይም የማይለቅ የጣት መደንዘዝ ያለበት ሰው ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱንም አይግዛ፤ መጀመሪያ የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው።