የካምፐር ውሃ የክረምት ኪት፦ 20 ዶላር የማትሞላ ቫልቭ የሠራችልኝ ሥራ

የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከፒካፕ ኋላ የምትጎተት፣ ውስጧ የሚታደርባት ካምፐር አለችን። በጋውን ከልጆቹ ጋር በተራራው በሐይቁ ስንዞርባት እንከርማለን። ኦክቶበር ሲገባ ከቤታችን ጎን ትቆማለች። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ስለሆነ ያን ሰሞን ቤት አይገኝም። ስለዚህ የካምፐሯን ውሃ ለክረምት ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው፤ ደግሞ ወድጄው ነው የምሠራው። ዛሬ ይህን ሥራ ስላቀለለችልኝ አንዲት ትንሽ ዕቃ ላውጋችሁ።

የካምፐር ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ገብታችሁ «ዊንተራይዚንግ ኪት» ስትሉ ያወጡላችኋል። ውስጡ ያለው ብዙ አይደለም። መዳፍ ላይ የምታርፍ ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ፣ አጠር ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጥቂት መጋጠሚያዎች። በቃ። እኔ ስገዛት 20 ዶላር አልሞላችም።

ቫልቯ የምትገባው ከንጹህ ውሃ ታንከሩና ከፓምፑ መሀል ነው። እጀታዋን ወደ አንድ ወገን ስታዞሩት ፓምፑ እንደ ወትሮው ከታንከሩ ይስባል። ወደ ሌላው ስታዞሩት ደግሞ ከታንከሩ ይቆረጥና በቱቦው በኩል ይስባል። የቱቦውን ጫፍ አንቲፍሪዙ፣ ማለትም በብርድ ቧንቧ እንዳይፈነዳ በውሃው ምትክ የሚገባው ፈሳሽ፣ ጋሎን ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ፓምፑ ራሱ ጎትቶ በየቧንቧው ያዳርሰዋል። ታንከሩን በአንቲፍሪዝ መሙላት የለ፣ ገንዘብ መድፋት የለ።

«ለቆመ መኪና ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፦ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ፕላስቲክ ቱቦው ትንሽ ቢለጠጥ እንኳ መጋጠሚያው፣ የሻወሩ ቧንቧ ሆድ፣ የፓምፑ ራስ፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭ አይለጠጡም። ይሰነጠቃሉ። ክፋቱ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ምንም አይታይም። ስንጥቁን በረዶው ራሱ ደፍኖት ይቆያል። ጉዱ የሚወጣው በሜይ ውሃ ሲለቀቅ ነው።

የዚህ አገር ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ገብታለች። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 መሆኑ ነው። በዚያ ብርድ ቧንቧ ውስጥ የቀረ አንድ ስኒ ውሃ ይበቃል። አንድ ጎረቤታችን ካምፐሩን ለክረምት የሚያዘጋጁለት ሰዎች ዘንድ ወስዶ፣ ጥሩ ገንዘብ ከፍሎ አሠርቶ ነበር። የውጪውን ሻወር ዘለውታል። ስፕሪንግ ላይ ከዚያች ትንሽ በር ጀርባ ያለው ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ አበጠ። ሰውየው ሲያሳየኝ አንጀቴን ነው የበላኝ። እኔ ሥራውን በራሴ እጅ መጨረስ የምመርጠው ለዚህ ነው። የራሴን ካምፐር እያንዳንዱን ቧንቧ አውቀዋለሁ።

በአየር የሚያስወጡም አሉ። የውጪው ውሃ መግቢያ ላይ አንዲት መጋጠሚያ ትታሰርና በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። ግፊቱን 40 ፒኤስአይ አካባቢ ላይ መያዝ ነው፤ ከዚያ ከበዛ መጋጠሚያውን ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። መንገዱ መጥፎ አይደለም። ውሃውም አንቲፍሪዝ አንቲፍሪዝ አይልም። ግን አየር ዝቅ ያለ ቦታ የተኛውን ውሃ ሁሉ ጠርጎ አያወጣም፣ ፓምፑ ሆድ ውስጥም ውሃ ይቀራል። የእጅ ፓምፕ የሚባለውም አለ። አንቲፍሪዙን በውጪው መግቢያ በኩል እየገፋችሁ ታስገባላችሁ። ክንድ ያዝላል፤ በዚህም ቢሆን የካምፐሯ ፓምፕ ብቻውን ይቀራል። ቫልቯን ያስወደደኝ ይህ ነው። አንቲፍሪዙ የሚያልፈው በፓምፑ ውስጥ ስለሆነ ፓምፑም አብሮ ይድናል።

ስለ አገጣጠሙ ልንገራችሁ። የኛ ፓምፕ ከአልጋው ስር ነው። ፍራሹን ማንሳት፣ እንጨቱን በካቻቪቴ መፍታት፣ ባትሪ በጥርስ ነክሶ መንበርከክ አለ። መጀመሪያ ታንከሩን ባዶ አድርጉ፤ አለበለዚያ ቱቦውን የፈታችሁ ዕለት አልጋው ስር ጎርፍ ነው። ፓምፑ መግቢያ ላይ ቆሻሻ የምትይዝ ትንሽ ማጣሪያ አለች፤ ክዳኗ ውስጡን ያሳያል። ቫልቯ ከማጣሪያዋ በፊት፣ በታንከሩ ወገን ነው የምትገባው። መጋጠሚያዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ስለዚህ በእጅ ብቻ አጥብቁ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ትንሽ አዙራችሁ ጥርሱ ጥርሱን ሲያገኝ ይሰማችኋል፤ ከዚያ ወደፊት። ውስጧ ጎሚኒ ካለ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው። ፒንሳ ይዞ የሚጋደላት ሰው ይሰብራታል።

ቫልቯ ከገባች በኋላ ሥራው ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚፈልገው። ቦይለሩ መጀመሪያ ይጠፋል፤ ጋዙም ኤሌክትሪኩም። እስኪበርድ ትጠብቃላችሁ። ሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ታወጣላችሁ፤ ከዚያ ነው ከውጪ በኩል መድፈኛው የሚፈታው። የኛ ቦይለር ሰበርባን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ መድፈኛው ላይ ረጅም ዘንግ አለ። 1 ኢንች ከ1/16 ቡሶላ ይፈልጋል። ዘንጉ ብረቱን ከዝገት ለማዳን ራሱ እየተበላ የሚያልቅ ነው። ስታወጡት ተቦርቡሮ ሽቦው ከታየ አዲስ ግዙለት። የሌላ ዓይነት ቦይለር ያላችሁ ይህ ዘንግ ላይኖራችሁ ይችላል፤ በአሉሚኒየም የተሠሩት አያስፈልጋቸውም።

ከዚያ የቦይለሩን ባይፓስ ቫልቮች፣ ፈሳሹ ቦይለሩን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርጉትን፣ ታዞራላችሁ። ይህን የዘለለ ሰው 6 ጋሎን አንቲፍሪዝ ቦይለሩ ውስጥ ይቀብራል። ከካምፐሯ ሆድ ስር ያሉትን ሁለት ማፍሰሻዎች፣ የሙቁንና የቀዝቃዛውን፣ ከፍታችሁ ውሃው ይውጣ፤ ከዚያ ዝጉ። የውሃ ማጣሪያ ካላችሁ ውስጡን አውጡና ቤቱን ባዶውን መልሱት።

አሁን ቱቦውን ጋሎኑ ውስጥ ንከሩ። እጀታዋን አዙሩ። ፓምፑን አብሩ። ሮዙ አንቲፍሪዝ በቱቦው ውስጥ ሲሳብ፣ ከዚያ የማጣሪያዋን ክዳን ሲሞላ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ወጥ ቤቱ ጋ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፤ መጀመሪያ ይተፋል፣ ያስላል፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከዚያ ደማቅ ሮዝ። ዝጉ። ሙቁን ክፈቱ። ከዚያ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ የውጪው ሻወር። የውጪው ሻወርም ሙቅና ቀዝቃዛ አለው፣ ሁለቱንም። ለኛ ሁለት ጋሎን ይበቃል፤ ሦስተኛውን ለየሲንኩ ጉሮሮ እገዛዋለሁ። ከሲንኩ ስር ያለው የተቆለመመ ቧንቧ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፤ አንድ አንድ ኩባያ ይፈስበታል።

ብዙ ሰው የማይነካው ቦታ የውጪው ውሃ መግቢያ ነው። እዚያ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ አለ፤ ጀርባው ላይ ውሃ ተኝቶ ይቀራል። ፓምፑን አጥፉ። አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አውጡ። ይህ ግድ ነው፤ በግፊት ከተነካ ጎሚኒው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ወንፊቷን አንሱና መሀሉን በእስክሪብቶ ጀርባ በቀስታ ጫን። ሮዙ ይወጣል። ይህን ሳላይ ተኝቼ አላድርም።

አንቲፍሪዙ ራሱ ጋ ስስት አያስፈልግም። የመኪና አንቲፍሪዝ በጭራሽ! እሱ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይስበዋል። ለካምፐር የሚሆነው ሮዙ ነው። ሮዝ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ርካሾቹ ውስጥ ኤታኖል የሚቀላቀልባቸው አሉ። ጎሚኒ ያደርቃሉ፣ ሽታቸውም አይለቅም። ጀርባውን አንብቡና ፕሮፒሊን ግላይኮል ብቻ ያለበትን ውሰዱ። በጋሎን ጥቂት ዶላር ነው የሚለያየው። ላዩ ላይ ያለው «-50» ቁጥር ደግሞ በፋራናይት ቧንቧው እንዳይፈነዳ የሚጠብቅበት ልክ ነው። ከዚያ በፊትም ፈሳሹ ይወፍራል፣ ይላቁጣል። ያንን አይታችሁ አትደንግጡ።

ስለ ስፕሪንጉ ደግሞ ሰው ብዙም አያወራም። ክረምቱን የቆመ ታንከርና ቧንቧ ዝም ብሎ ውሃ ተሞልቶ አይጠጣበትም። አገር ቤት ሮቶ ያጠበ ሰው ይህን ይረዳኛል። መጀመሪያ እጀታዋን ወደ ታንከሩ መልሱና ሮዙ እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ አስወጡት። ከዚያ በረኪና። ልኩ ለ15 ጋሎን ውሃ ሩብ ኩባያ ነው። የኛ ታንከር 40 ጋሎን ስለሆነ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ አለፍ ያለ ይገባዋል። መዓዛ የተጨመረበት፣ እንዳይረጭ ተብሎ የወፈረም አይሆንም፤ ተራው በረኪና። አንድ ጋሎን ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ነው የምታፈሱት፤ ጥሬውን ታንከር ላይ አትድፉ። ታንከሩን ሙሉ፣ የቦይለሩን ባይፓስ ቫልቮች ወደ ቦታቸው መልሱ፣ በየቧንቧው የበረኪና ሽታ እስኪመጣ አፍስሱ። ቢያንስ 4 ሰዓት ይቀመጥ። እኔ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሁሉንም አፍስሼ እሞላለሁ፣ ደግሞ አፈሳለሁ። ሽታ ለማጥፋት ብሎ በረኪናው ሳይወጣ ኮምጣጤ የሚጨምር ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። አታድርጉት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዘኛ ጋዝ ነው የሚወጣው። ቦይለሩም ውሃ መሙላቱ ሳይረጋገጥ በኤሌክትሪክ አይበራም፤ ማሞቂያው ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

የኛ ቤት የመጨረሻዋ ፈታኝ እናቴ ናት። በጋ በጋ ከኛ ጋር ስትሆን ጀበናዋን ይዛ ካምፐር ትገባለች። ውሃውን ጀበናው ላይ ከመቅዳቷ በፊት በብርጭቆ ቀድታ ታሸተዋለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ልክ እንደ ጠላ። «ይሄ ገና በረኪና በረኪና ይላል፤ ቡናዬን አላበላሽበትም» ካለች ታንከሩ እንደገና ይፈሳል። ዝም ብላ ከቀዳች አልፏል። እውነቴን ነው፣ ከማንኛውም የመመርመሪያ ወረቀት ይልቅ እሷን አምናለሁ። ሮዙ አንቲፍሪዝ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ቀርቶ እንደሆነም ቡናው ላይ ጣፈጥ ያለ ነገር ታገኛለች። ኤታኖል ያለበትን ትቼ ጥሩውን የምገዛበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ቡና ነው።

ቫልቯ እንከን የላትም አልልም። ቱቦዋ አጭር ናት። ፓምፑ አልጋ ስር ለሆነ ሰው ጋሎኑን አልጋው ሳጥን ውስጥ ካላስገባ አይደርስም። ረዘም ያለ ቱቦ በሜትር ገዝቼ ቀየርኩት፤ ርካሽ ነው። ሌላው፣ የቱቦው አፍ ክዳን ይፈልጋል። እጀታዋ በትክክል ካልተዘጋች ወይም መጋጠሚያዋ ትንሽ ከላላ ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስባል። ቧንቧው ይተፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሜይ ላይ ካያችሁ አዲስ ፓምፕ ልግዛ ከማለታችሁ በፊት እዚያች መጋጠሚያ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ከኪቷ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። ስለ ቦይለሩ ባይፓስ አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

ማን ይግዛት? ፓምፕ ያለው፣ የብርድ አገር የሚኖር፣ ጉልበቱን አንበርክኮ አንድ ከሰዓት መሥራት የማይከብደው ሁሉ። ወገብ ወይም ጉልበት የሚያስቸግራችሁ አንድ ጊዜ ሰው ያስገጥምላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እጀታ ማዞር ነው። ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩም የውጪውን ሻወር አጠገቡ ቆማችሁ ሮዝ ሲወጣ እዩት። አንድ ነገር ግን አለ፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የፓምፑን ዙሪያ በባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ። ብዙ ካምፐሮች ይህችኑ ቫልቭ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ፤ ቱቦዋ ተጠቅልላ፣ አፏ በክዳን ተደፍኖ እዚያው ትተኛለች። ካላችሁ ገንዘቡን ለጥሩ አንቲፍሪዝ አውሉት።