በኪሎ የሚመዘነውን «የባሕር ጨው» እንዳትገዙ

ጎንደር ውስጥ የባሕር አኳሪየም ያላችሁ፣ በተለይ ማንቲስ ሽሪምፕ (እንደ መዶሻ በሚመታ እጁ የሚያድን፣ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) የምታኖሩ ሁሉ ስሙ! ፒያሳ አካባቢ ከባልዲ እየተዘገነ በኪሎ የሚሸጠው «የባሕር ጨው» የወጥ ጨው ነው። ዛሬ ከሰዓት እዚያው ባንኮኒው ላይ አረጋግጫለሁ፤ ይህን ስጽፍ ንዴቴ ገና አልበረደም።

የእኔ ማንቲስ አሮጌ ቅርፊቱን ከጣለ 8ኛ ቀኑ ነበር። በዚህ ጊዜ አዲሱ ቅርፊት ጠንክሮ መውጣትና ማደን ነበረበት። ትናንት ማታ ቱቦው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የቀንድ አውጣ ዛጎል በአንድ ምት የሚሰብረው መዶሻ እጁ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የመዶሻው ጫፍ የሚጠነክረው በካልሲየም ፎስፌት ነው፣ የቀረው ቅርፊት ደግሞ በብዛት በካልሲየም ካርቦኔት። ካልሲየሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሚኖርበት ውሃ ነው።

ሻጮቹ «የሞተው መብራት ጠፍቶ ነው» ይሏችኋል፣ ሁልጊዜ የሚሏት ናት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ሁለቱም ዜሮ ነበሩ። የጎደለው ሌላ ነው። የካልሲየም መለኪያው እንዲህ ይሠራል፦ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10 ጠብታ ሲጨመር ሮዝ ይሆናል፤ ከሁለተኛው ጠርሙስ ደግሞ ወደ ሰማያዊ እስኪቀየር ድረስ ጠብታ ይቆጠራል። አንዱ ጠብታ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጤነኛ የባሕር ውሃ ከ20 ጠብታ በላይ ይፈልጋል። የእኔ ውሃ በ6 ጠብታ ተቀየረ፣ 120 መሆኑ ነው።

ሒሳቡ ልክ ይመጣል። 80 ሊትር ውሃ አለኝ፤ በየሳምንቱ 20 በመቶውን በተጣራ ውሃና በዚያ ጨው እቀይር ነበር። በ6 ሳምንት ከድሮው ጥሩ ውሃ የሚተርፈው ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ማግኒዥየሙም፣ ፖታሲየሙም፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት ልክ) የሚጠብቀው ካርቦኔትም አብሮ አልቋል።

ጨውንና መለኪያውን ይዤ ሄድኩ። 35 ግራም መዝኜ አንድ ሊትር የባትሪ ውሃ ውስጥ፣ ዲስቲልዱን ማለቴ ነው እንጂ አሲዱን አይደለም፣ ሻጩ ፊት በጠበጥኩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ እንደገባች ሮዙ ሰማያዊ ሆነ። አንድ ጠብታ! ብልቃጡን ወደ እሱ አስጠጋሁለት። አላየውም። ከመሳቢያው ሀይድሮሜትር፣ የጨው መጠን መለኪያውን፣ አውጥቶ ከውሃው ሞላበትና መርፌው ሲቆም ወደ ፊቴ አስጠጋው። «ይኸው 1.025! ጋሼ፣ ባሕር ማለት ጨውና ውሃ ነው፤ ሌላ ምን አለው?» አለኝ። ረዳቱ ልጅ ከኋላ «ለአንድ ትል ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ!» ብሎ ሳቀ። ሻጩም አብሮት ሳቀ።

መርፌው አልዋሸም፣ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ሀይድሮሜትር የሚለካው የውሃውን ክብደት ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከሶዲየም ክሎራይድ (ከወጥ ጨው) ብቻ ይምጣ ከሙሉ የባሕር ማዕድን አይለይም። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለዚህ ነው መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ አዘጋጅቶ የሚጠብቀን።

እኔም ዓይኔ እያየ ነው የገዛሁት። ባልዲው የታወቀ ምልክት ተለጥፎበታል፣ ክዳኑ ግን ማሸጊያ አልነበረውም። ፍሬው እኩል፣ ደረቅ፣ እንደ ስኳር የሚንሸራተት ነበር። እውነተኛው ድብልቅ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ከተከፈተ ወዲያ ይጓጉላል፣ ውሃ ሲገባም መጀመሪያ ያደፈርሳል። ይህ ወዲያው ጠራ፤ እኔም «ጥራቱ ነው» ብዬ ተደሰትኩ! ጨውን በ6,000 ብር ገዝቼ አመስግኜ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ያልተከፈተ ባልዲ ማስመጣት ይወደዳል ብዬ ነበር።

ያልታሸገ ጨው አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነ 35 ግራሙን በባትሪ ውሃ በጥብጣችሁ ጠብታ ቁጠሩ። ጉድለቱ ከተገኘ በእውነተኛው ጨው በየቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ እያላችሁ ቀይሩ እንጂ በአንድ ቀን አትገልብጡት። ማንቲሳችሁ የዋሻውን አፍ ዘግቶ ከሆነ ደግሞ ቅርፊት እየቀየረ ሊሆን ይችላልና አትነካኩት፤ ውሃውን ብቻ አስተካክሉለት።