የመዋቅራዊ ፕላን ክለሳ ምክክር በወሎ ከተሞች፦ አዳራሹ፣ ካርታውና ወረቀቱ

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም መሬቱ ለምን እንደሚውልና መንገዱ በየት እንደሚያልፍ የሚወስነው ካርታና ደንብ፣ ሲከለስ ነዋሪ ሐሳቡን የሚሰጥባቸው መንገዶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ የአዳራሽ ውይይት፣ ለእይታ የሚሰቀለው ረቂቅ ካርታ እና በጽሑፍ የሚገባ አስተያየት። በጥቅማቸው ግን በጣም ይራራቃሉ። አዳራሹ ከሁሉም ደካማው ነው። ካርታው ፊት የሚቆሙባት ግማሽ ሰዓት ከአዳራሹ ሙሉ ቀን ትበልጣለች። መስመር የማስቀየር ዕድል ያለው ደግሞ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር የወጣለት ወረቀት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሰነድ አድርጎታል፤ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በረቂቁ ላይ መኖሪያ የነበረ ሰፈር አረንጓዴ ተቀባ፣ ማለትም ለዛፍና ለመናፈሻ ተያዘ ማለት ነገ ግሬደር ይመጣል ማለት አይደለም፤ ማስለቀቅና ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለልጅ አንድ ክፍል ለመጨመር ወይም ፎቅ ለመቀጠል የፕላን ስምምነት (ግንባታው ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ ማረጋገጫ) ሲጠየቅ «ፕላኑ አይፈቅድም» ይባላል። ብዙ ሰው መጮህ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፕላኑ ከጸደቀ ቆይቷል።

የአዳራሹ ጉድለት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ጠዋቱን የመግቢያ ንግግርና ሪፖርት ይወስደዋል። ካርታው በፕሮጀክተር ሲታይ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ላለ ሰው መንገድና ወንዝ አይለይም። ከሻይ በኋላ ዕድል የደረሰው ሰው ስለ ውሃ መቆራረጥና ስለ መብራት ይናገራል፤ እውነቱን ነው፣ ግን የፕላን ባለሙያው ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ቦታው ያልተጠቀሰ ሐሳብ ካርታ ላይ አይገባም። የቀን ምርጫም ችላ ይባላል። ደሴ ላይ ሰኞ የተጠራ ስብሰባ ገበያተኛውን አያገኝም፤ ዓርብ ረፋድ ላይ የተጠራው ደግሞ ለጁምዓ ይበተናል። ጥሪው በቅሬ፣ በወሎ የሰፈር ዕድር፣ በኩል ቢሄድ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ ቅሬው የአባላቱ ስም ዝርዝርና ለፋፊ አለው፣ ማን መቼ እንደሚመቸውም ያውቃል።

ካርታው ሲሰቀል መጀመሪያ የሚታየው መስፈርቱ (ስኬሉ) ነው። 1 ለ10,000 ከሆነ አንድ ሚሊሜትር 10 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያላት መስመር መሬት ላይ 5 ሜትር ትሸፍናለች፣ በረንዳና ማድ ቤት ይዛ ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱ ድንበር ላይ የወደቀ ሰው በዓይን ገምቶ ከመጨቃጨቅ የመስመሩን መጋጠሚያ ነጥቦች በቁጥር ይጠይቅ፤ ወይም 1 ለ2,000 የተነሳ ዝርዝር ካለ ያስወጣ። የይዞታ ካርታ ላይ ያሉት፣ የይዞታውን ማዕዘኖች ቦታ የሚያመለክቱት የኤክስና የዋይ ቁጥሮች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት አለ፤ የአገራችን ካርታዎች በብዛት የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ሲሆን ስልክ ደግሞ ቦታን የሚያነበው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ ሳይገናዘቡ ከተደራረቡ ቦታው ወደ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። እንደ ደሴ ባለ ከተማ 200 ሜትር ሜዳውን ገደል ለማድረግ ይበቃል።

ከቀለሙ ቀጥሎ የመንገድ ስፋትና የሕንፃ ከፍታ ይነበቡ። ብዙ ነዋሪ ቀለሙን አይቶ «መኖሪያ ነው፣ ተመስገን» ብሎ ይመለሳል፤ በደጁ የነበረችው የ6 ሜትር መንገድ በረቂቁ 15 ሆና እንደሆነ አያይም። ጭማሪው 9 ሜትር ነው፣ ከሁለቱ ወገን እኩል ቢወሰድ ከእያንዳንዱ 4 ሜትር ተኩል። መስመሩ ወደ አንዱ ካዘነበለ ደግሞ ሙሉው ሸክም የአንዱ ነው።

አገራዊው የፕላን አሠራር ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ደሴ ላይ ይህ ስሌት ሊያታልል ይችላል። የጦሳ ተራራ ተዳፋት ብቻውን የአረንጓዴውን ድርሻ በወረቀት ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ፒያሳና አራዳ ግን ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት ሜዳ አያገኙም። መጠየቅ ያለበት መቶኛው ሳይሆን አረንጓዴው በየሰፈሩ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው።

የነዋሪ እውቀት ከባለሙያ ካርታ የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር ተዳፋቱ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ የቦርከና ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ከዳገቱ የወረደ ልል አፈርና ሸክላ በባዛልት ድንጋይ ላይ ተኝቶ ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። የ20 በመቶ ተዳፋት ማለት በ100 ሜትር 20 ሜትር መውጣት ነው፤ 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ቤት እዚያ ላይ ለማሳረፍ 2 ሜትር አፈር መቁረጥ ወይም መሙላት ይጠይቃል። ቆረጣው የዳገቱን እግር ያሳጣዋል። የድጋፍ ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ይገፋዋል። የሽንት ቤት ጉድጓድና የሚያፈስ ቧንቧ ደግሞ በበጋ ሳይቀር አፈሩን ያረጥቡታል። የድሮ ምንጭ የነበረበትን፣ ግድግዳ በየክረምቱ የሚሰነጠቅበትን፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ያዘመመበትን ቦታ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ውሃ ቀጂ እናቶች ናቸው። በነሐሴ የተነሳ ፎቶ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ከአስተያየቱ ጋር ቢያያዝ ከአሥር ንግግር ይበልጣል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና ማንም ቸል ሊለው አይገባም።

ኮምቦልቻ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በፋብሪካና በመኖሪያ መካከል የሚተወው የዛፍ መከለያ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከባድ መኪና በየትኛው መንገድ እንደሚገባና የቦርከና ዳር ምን ያህል ከግንባታ ነጻ እንደሚሆን በቁጥር ተጽፎ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ገጽ። ከላይ የይዞታው ቁጥር ወይም የሰፈሩ ስም፣ ቀጥሎ ረቂቁ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ ምን እንዲሆን እንደተፈለገ፣ መጨረሻ ላይ ምክንያቱ። «በረቂቁ 15 ሜትር የተባለው መንገድ 10 ሜትር ይሁን፤ መተላለፊያው ከታች ባለው መንገድ ይገኛል፤ ይህኛው ገደል ላይ ያበቃል» የሚል ሦስት ሐረግ በቂ ነው። የካሳ ጥያቄ፣ የወሰን ክርክርና የሊዝ ክፍያ አንድ ላይ ከተጻፉ ግን ወረቀቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር የአስተያየቱ ቀን ያልፋል። በቅሬ ተሰባስቦ መፈረም ጥሩ ነው፣ የሁሉም ቤት ቁጥር እስካለበት ድረስ። ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግ ከመስኮቱ መነሳት አይገባም።

የምክክሩ ትልቁ ክፍተት መልሱ ላይ ነው። አስተያየት ይሰበሰባል፣ የሆነው ሳይነገር ይቀራል። ሊሠራ የሚገባው ቀላል ነው፦ የገቢ ቁጥር፣ የተጠየቀው፣ ተቀባይነት አገኘ ወይም አላገኘም፣ ምክንያት። አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ፣ ፕላኑ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ካርታው በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ። ሰንጠረዡ ካልወጣ የገቢ ቁጥሩን ይዞ በጽሑፍ መልስ መጠየቅ ይቻላል። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላም ካርታውን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም፤ ከካርታው ጋር የሚወጣው ደንብ ይነበብ፤ በአንድ ቀለም ውስጥ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል፣ ስንት ፎቅና ከይዞታው ስንት እጁ መገንባት እንደሚቻል የተጻፈው እዚያ ነው።